ያልተጻፈው ውል፦ ልጅ፣ ሥራና መሬት በኢትዮጵያ ገበሬ ቤት

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ። እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ንግግሬ በበሬ በሚያርሰው ገበሬ ቤት ልጅ እንዴት ያድግ እንደነበር፣ ምን ይሠራ እንደነበርና ለሥራው በምላሹ ምን ይጠብቅ እንደነበር ይመለከታል።

በሁለት የሕግ ድንጋጌዎች ልጀምር። ለሥራ መቀጠሪያ ዝቅተኛውን ዕድሜ የሚመለከተው የዓለም ሥራ ድርጅት 138ኛ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። ይህ ስምምነት አገሮች ተፈጻሚነቱን በመጀመሪያ በተወሰኑ የሥራ መስኮች እንዲገድቡ ሲፈቅድ፣ የግድ መካተት ካለባቸው እርሻዎች መካከል ለአካባቢ ፍጆታ የሚያመርቱትንና ቅጥር ሠራተኛ በመደበኛነት የማያሠሩትን የቤተሰብና አነስተኛ እርሻዎች ለይቶ አውጥቷቸዋል። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ነገር ግን ለአስተዳደግ ሲባል የሚደረግን የሥራ ግንኙነት ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎታል። ሁለቱም ሕጎች ከገበሬው ደጃፍ ሲደርሱ ይቆማሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ብዝበዛ ሳይሆን ማሳደግ ነው የሚል ግምት አላቸው።

ይህ ግምት ትክክል ነውን? አንዳንዶች ልጅ በልጅነቱ ሥራ መልመዱ ባህላችን ነው ብለው ይቀበሉታል። ሌሎች ደግሞ ልጅ ከብት ሲጠብቅ የዋለበት ቀን ሁሉ ከትምህርት የተሰረቀ ቀን ነው ብለው ይነቅፉታል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የሚመለከቱት ሥራውን ብቻ ነው። የታሪክ ማስረጃው የሚያመለክተን ግን ሌላ ነገር ነው። የልጅ ሥራ ማሳደጊያ ይሁን ብዝበዛ የሚወሰነው በሥራው ጠባይ ብቻ ሳይሆን፣ በሥራው መጨረሻ ልጁን በሚጠብቀው ነገር ነው። በወላጅና በልጅ መካከል ያልተጻፈ ውል ነበረ፤ ልጁ ጉልበቱን አስቀድሞ ይሰጣል፣ ወላጅ መሬትንና ጥማድን በኋላ ይከፍላል። ባለፈው አንድ ምዕተ ዓመት ሥራው ብዙም ሳይለወጥ የቆየ ሲሆን፣ የተለወጠው ክፍያው ነው።

ስለ ምንጮች

የገበሬ ልጅ በመዝገብ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። የግብር መዝገብ የሚያውቀው ገባሩን ነው፤ የአድባራት የመሬት መዝገብ የሚያውቀው ባለጉልቱንና ባለርስቱን ነው። ልጅ በጽሑፍ ብቅ የሚለው ሲወርስ ወይም በውርስ ሲከራከር፣ ማለትም ልጅነቱ ካበቃ በኋላ ነው። ነገሥታት የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደነበር በቃል ይነገራል። የሚጠየቀው ግን እረኛው ስለ መንግሥቱ ምን እንዳለ እንጂ እርሱ ራሱ እንዴት እንደሚኖር አልነበረም።

ስለዚህ ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከተለያየ ቦታ መልቀም ይኖርበታል። ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ የእርሻ መሣሪያዎች፣ የዓመት በዓላት፣ የመሬትና የውርስ ሕጎች ሁሉ ምስክሮች ናቸው። ከእነዚህ በተጨማሪ የመስክ ጥናቶች አሉ። ዶናልድ ሌቪን መንዝን ተመልክተው የጻፉትና እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው «ሰምና ወርቅ» የተሰኘው መጽሐፋቸው፣ እንዲሁም አላን ሆበን በጎጃም ዳሞት ባደረጉት ጥናት ላይ ተመሥርተው ስለ አማራው የመሬት ሥሪት ያሳተሙት የ1973 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ በዚህ ረገድ ቀዳሚዎች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ገበሬው ጠባይና አስተዳደግ ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ መሬት። እኔ ዛሬ ሁለቱን ጉዳዮች አንድ ላይ ለማንበብ እሞክራለሁ።

ሥራው እንዴት ይከፋፈል ነበር?

በአንድ ጥማድ በሬ የሚተዳደር ቤት ቢያንስ ሦስት ዓይነት ጉልበት በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ሰው ዕርፉን ጨብጦ ማረስ አለበት። አንድ ሰው ላሞችን፣ በጎችንና ጥጆችን ከአዝመራ አርቆ መጠበቅ አለበት። አንድ ሰው ደግሞ እህል ፈጭቶ፣ ውኃ ቀድቶ፣ እንጨት ለቅሞ የሚበላውን ማድረስ አለበት። እነዚህ ሥራዎች እርስ በርሳቸው አይጠባበቁም። በሬዎቹ ከቀንበር ሲፈቱ ገበሬው ደክሞ ያርፋል፤ ለበሬዎቹ ግን የመጋጫ ሰዓታቸው ገና መጀመሩ ነው። ያን ሰዓት የሚጠብቃቸው ሰው ከሌለ ወይ በሬው ጾሙን ያድራል፣ ወይ የጎረቤት ሰብል ውስጥ ይገባል። ባልና ሚስት ብቻቸውን ይህን ሁሉ መሸፈን አይችሉም። ልጅ የሌለው ቤት የዘመድ ልጅ ያመጣል፣ እረኛ ይቀጥራል ወይም ከጎረቤት ጋር ተራ ገብቶ ያስጠብቃል። ልጅ ለዚህ ዓይነቱ እርሻ ከመሠረቱ አንዱ ነበር ማለት ነው።

ሥራው በዕድሜ ደረጃ ደረጃ ነበረው። ከአንቀልባ የወረደ ሕፃን ጫጩት ከጭልፊት ይጠብቃል፤ ጥቂት ከፍ ሲል ከቤት አጠገብ ጥጃ ያግዳል። ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሞላው ከታላላቆቹ ጋር በግና ፍየል ይዞ ወደ መስክ ይወጣል፤ ቀጥሎም ወደ ላምና በሬ ይሸጋገራል። ማሽላ በሚዘራበት አገር እህሉ ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ያባርራል። በአጨዳ ጊዜ ነዶ ይሸከማል፤ በአውድማ ላይ የሚያበራዩትን ከብቶች ይነዳል። ጢሙ ሊያቆጠቁጥ ሲቃረብ አባቱ ዕርፉን ለጥቂት ትልም ያስይዘዋል። ሞፈርና ድግር መጥረብ፣ ምራን መቁረጥ፣ ማረሻውን በወገል ማጥበቅ የሚማረው በዚህ ጊዜ ነው። በወንፈል ላይ ጉልበቱ እንደ አንድ ሰው ጉልበት መቆጠር ሲጀምር ልጅነቱ አበቃ ይባላል።

የሴት ልጅ መንገድ ከዚህ ይለያል፤ የሚጀምረውም ቀደም ብሎ ነው። ራሷ ገና ሳትጠነክር ታናሿን ታዝላለች። ኩበት ትለቅማለች፣ በትንሽ እንስራ ውኃ ትቀዳለች፣ ጥጥ ትፈለቅቃለች፣ ትፈትላለች፤ አረም ላይም ከእናቷ ጎን ትውላለች። ከሁሉም የከበደው ወፍጮው ነበር። ለቤተሰብ የሚበቃውን እህል በመጅ መፍጨት በየቀኑ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሴት ልጅ ለትዳር ደረሰች የምትባለውም ይህን ስትችል ነበር። የሞተር ወፍጮ ወደ ገጠር መግባቱ ለገበሬ ሴት ልጅ ያመጣውን ለውጥ ያህል ያመጣ መሣሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ለመንገድና ለስልክ የሰጡትን ትኩረት ለወፍጮ አልሰጡም።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛሬ የምንጠቀምበት የጀማሪን ሥራ ለማቃለል ነው። ቃሉን እንደ ታሪክ ማስረጃ ብናየው ግን አንድ ቁም ነገር ይነግረናል፦ ልጁ ቡኮው ላይ ነበረ፣ ወላጅም እጁ እንደማይበቃ እያወቀ እንዲያቦካ ይተወው ነበር። በቤት ውስጥ ባለው ሥራ ማስተማር ከማስገኘት ይቀድም ነበር ማለት ነው። እረኝነት ግን ከዚህ ይለያል። እረኛው ልምምድ ላይ አይደለም፤ የቤተሰቡ ዋና ሀብት በእጁ ነው። ከብቱ ሰብል ቢበላ ካሳ የሚጠየቀው አባት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የከብት ባለቤት ከብቱ ላደረሰው ጉዳት፣ አባትም አካለ መጠን ያልደረሰ ልጁ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆናቸውን ደንግጓል። አባት በሽማግሌ ፊት የከፈለውን ካሳ ማታ በልጁ ጀርባ ላይ ማወራረዱ የተለመደ ነበር። ጅቡ፣ የክረምቱ ጎርፍና መብረቁ ሲጨመሩበት፣ እረኝነት ዛሬ በናፍቆት እንደሚወራለት ያለ የዋሽንትና የጨዋታ ዘመን ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ደስታም አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሄ በብዙ አካባቢ የእረኞች በዓል ነው። ጅራፍ ይገመዳል፣ ይጮሃል፤ ልጆቹ በየደጁ እየዞሩ ይጨፍራሉ፣ ሙልሙል ይሰበስባሉ። የበዓሉን ሥርዓት ልብ ብለን ብናየው ግን ማኅበረሰቡ በዓመት አንድ ቀን ለእረኛው ያለበትን ዕዳ በዳቦ የሚከፍልበት ይመስላል። ዋናው ዕዳ የሚከፈለው በሌላ ጊዜ ነበር።

ርስት፦ የውሉ ሌላኛው ወገን

በሰሜኑ አገር ዋናው ክፍያ ርስት ነበር። ርስት ማለት አንድ የተወሰነ ማሳ ማለት ብቻ አይደለም። መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ከዋናው አባት በአባትም ሆነ በእናት በኩል የሚወለድ ሁሉ በዚያ መሬት ላይ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። ሴት ልጅም በመርሕ ደረጃ እንደ ወንዱ ባለመብት ናት፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ድርሻዋን ተከራክሮ የሚያስከብርላት ባሏ ወይም ልጇ ነበር።

ከዚህ ሥርዓት ለአስተዳደግ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ መብቱ በትውልድ ቢገኝም ማሳው የሚገኘው በክርክር፣ በዝምድናና በአባት ፈቃድ መሆኑ ነው። ሆበን እንዳሳዩት፣ አንድ ሰው በብዙ አባቶች በኩል ብዙ መሬት ሊጠይቅ ቢችልም የሚያርሰው ግን ከመብቱ እጅግ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ልጅ ማረስን ብቻ ሳይሆን ዘር መቁጠርን፣ የድንበር ምልክትን፣ በሽማግሌ ፊት መናገርን መማር ነበረበት። ከብት ሲጠብቅ የዋለበት መስክ የማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ዛፍ እስከየትኛው ወንዝ እንደሚደርስ የሚያውቅ እረኛ ነገ የርስት ምስክር ነው። እረኝነት መሬቱን በእግር የመማሪያ ዘመን ነበር።

ሁለተኛው፣ ክፍያው የሚፈጸመው «ጎጆ ሲወጣ» መሆኑ ነው። ልጁ ሲያገባ አባቱ ከሚያርሰው መሬት ይከፍልለታል፤ ከሁለቱም ወገን ከብት ይሰጣል፤ አዲሶቹ ባልና ሚስት የራሳቸውን እሳት ያነድዳሉ። ይህ እስኪሆን ድረስ የልጁ ጉልበት የአባቱ ነው። አባት መሬት የመስጠቻውን ጊዜ በማዘግየት ጉልበቱን ሊያራዝም ይችላል፤ ልጁም ሌላ ዘመድ ዘንድ ሄዶ በእናቱ በኩል ያለውን ርስት እጠይቃለሁ ብሎ ሊያስፈራራ ይችላል። በአባትና በልጅ መካከል ያለው አክብሮት እውነተኛ ነበር፤ ድርድሩም እንዲሁ እውነተኛ ነበር። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል ዛሬ የግዴለሽነት ቃል አድርገን እንሰማዋለን። መብቱ በሁለት ወገን ለሚቆጠር፣ መሬቱም ገና ለሚበቃ ማኅበረሰብ ግን አባባሉ መሠረት ነበረው። ዕድል የተባለው ነገር ስምና ወሰን ያለው መሬት ነበር።

መሬት የሌለው ገበሬ ልጅ

ይህ ሐሳብ ትክክል ከሆነ፣ ርስት በሌለበት ቦታ ያው ሥራ የተለየ ትርጉም ሊኖረው ይገባል። እንደዚያም ነበር። ከአፄ ምኒልክ መስፋፋት በኋላ በብዙው የደቡብ አገር ገበሬው ቀስ በቀስ ጭሰኛ ሆነ፤ ከምርቱም ሢሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት ይሰጥ ነበር። የጭሰኛ ልጅም ጥጃ ያግዳል፣ ወፍ ያባርራል፣ ነዶ ይሸከማል። ይሁን እንጂ የሚማረው መሬት የአባቱ አይደለም። አባቱ የሚያወርሰው ማሳ ሳይሆን የባለመሬቱን ፊት የማወቅ ጥበብ ነው። ልጁ በሠራ ቁጥር ከባለመሬቱ ድርሻ ላይ ይጨምራል፤ ከራሱ ጎጆ ግን አይቀርብም።

በአርሲ ጭላሎ የሆነው ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አቀረበ፤ ምርትም ጨመረ። መሬቱ ትርፍ የሚያስገኝ ሲሆን ግን ብዙ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን አስነሥተው በትራክተር ማሳረስ ጀመሩ። አሥር ዓመት ሙሉ ከጥጃ እስከ ዕርፍ ደረጃውን ጠብቆ የወጣ ልጅ፣ ዕርፉን በያዘበት ዓመት የሚያርሰው መሬት አጣ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ የጠየቁት ለአራሹ አባት ነበር፤ ጥያቄው ግን ለአራሹ ልጅም ነበር።

በሰሜኑም ቢሆን ሁሉም ልጅ ርስት አልነበረውም። ድሃ ወላጅ ልጁን ለደህና ገበሬ በእረኝነት ያስቀጥር ነበር፤ ደመወዙም በዓመት የሚከፈል እህል፣ ልብስ፣ አንዳንዴም ጥጃ ነበር። የጥጃውን ነገር አስተውሉ። እህሉን የሚበሉት ወላጆቹ ናቸው፤ ጥጃው ግን አድጎ በሬ ይሆናል፣ በሬ ያለው ደግሞ መሬት በእኩል ሊያርስ ይችላል። ጥጃ የሚከፈለውና እህል ብቻ የሚከፈለው እረኛ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ የሚያድጉት ግን ወደ ተለያየ ኑሮ ነው።

አስኳላ በውሉ መካከል

የቤተ ክህነት ትምህርት ከእርሻው ጋር የመኖር ልምድ ነበረው። ልጁ ከፊደል እስከ ዳዊት በሰፈሩ ቄስ ዘንድ ይማራል፤ ዳዊት ከደገመ በኋላ አብዛኛው ወደ ሞፈሩ ይመለሳል፣ ጥቂቱ ግን አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሩቅ ጉባኤ ቤት ይሄዳል። የቆሎ ተማሪ ከወላጅ ቤት የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሳያስፈቅድ፣ ጠፍቶ ነበር። ይህ መጥፋት ራሱ የውሉን ክብደት ይመሰክራል፤ ጉልበቱ የራሱ ያልሆነ ልጅ ካልጠፋ በስተቀር አይሄድምና።

አስኳላው የመጣው በሌላ ቃል ኪዳን ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በከተሞችና በአውራጃ ዋና ከተሞች የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች የሚያዘጋጁት ለመንግሥት ሥራ ነበር፤ የተማረ ልጅ ደመወዝተኛ ይሆናል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲደረግ፣ እስከ 1980 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም እንዲዳረስ ታቀደ። ኢትዮጵያ በተማሪ ብዛት በዝቅተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፤ ትምህርት ቤት ያልደረሰበት ገጠር ሰፊ ነበር።

ትምህርት ቤት የደረሰበት ገበሬ ያደረገው ግን አስተዋይነት የተሞላበት ነበር። ልጆቹን ከፋፈላቸው፤ አንዱን ለትምህርት፣ ሌላውን ለከብት። የትምህርት ዓመቱ በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ ሲያልቅ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ አጨዳ መካከሉ ላይ ይወድቅ ነበር። ስለዚህ ለትምህርት የተመረጠው ልጅ በክፍል እንዲቀመጥ ሌላው የእርሱን ድርሻ መሸከም ነበረበት። ብዙ ጊዜ የምትሸከመው እህቱ ነበረች።

በ1960ዎቹ የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ ይህን ችግር ለመፍታት ሞክሮ ነበር። ግምገማው ካቀረባቸው ሐሳቦች አንዱ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት መስጠትና ትምህርቱን ከገጠር ኑሮ ጋር ማያያዝ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ለገበሬ ልጅ የተቆረሰ ሐሳብ ይመስላል። መምህራንና ተማሪዎች ግን አጥብቀው ተቃወሙት፤ የ1966 ዓ.ም. የመምህራን አድማ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። የድሃው ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ ወደ እርሻ ይመለስ፣ የሀብታሙ ልጅ ይቀጥል ማለት ነው ብለው ተረዱት። በዚያ ጊዜ ብዙ የገበሬ ልጅ የሚመለስበት መሬት የራሱ እንዳልነበረ ስናስብ፣ ተቃውሞው ለምን እንደዚያ እንደበረታ እንረዳለን። የግምገማው አዘጋጆች ልጁን ወደ እርሻው መልሱት አሉ፤ በእርሻው ላይ ምን እንደሚጠብቀው ግን አልመለሱም።

ከ1967 በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሬት መሸጥን፣ መለወጥን፣ ማስያዝንና ማውረስን ከለከለ። ባለይዞታው ሲሞት ግን ባል ወይም ሚስት፣ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችም፣ እነርሱ ከሌሉ አካለ መጠን የደረሰ ልጅ በመሬቱ የመጠቀም መብት አላቸው አለ። በቅጥር ጉልበት ማሳረስንም ከጥቂት በስተቀር ከለከለ፤ ከተፈቀደላቸው መካከል መተዳደሪያ የሌላት ሴትና የሟች አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ይገኛሉ።

ለጭሰኛው ልጅ ይህ ትልቅ ቀን ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቱ የሚያርሰው መሬት ለእርሱም ሊሆን የሚችል ሆነ። በአስተዳደግ ታሪክ ዓይን ስናየው ግን አዋጁ ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ አደረገ። አንደኛ፣ የመሬት ድርሻ በገበሬ ማኅበሩ በኩል፣ በብዙ ቦታም በቤተሰብ ብዛት የሚሰጥ ስለሆነ ልጅ ገና ሳይሠራ መሬት የሚያስገኝ ቁጥር ሆነ። ሁለተኛ፣ ቅጥር ስለተከለከለ የቤት ልጅ ጉልበት ከቀድሞው ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። ሦስተኛ፣ ክፍያው ከአባት እጅ ወጥቶ ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር እጅ ገባ። ልጁ የሚሠራው ለአባቱ ነው፤ ጎጆ ሲወጣ መሬት የሚጠይቀው ግን ማኅበሩን ነው። በአባትና በልጅ መካከል የነበረው ድርድር ሦስተኛ ወገን ገባበት።

በዚሁ ዘመን መንግሥት የልጁን ጊዜ በሌሎች መንገዶችም ይጠይቅ ጀመር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በገጠሩ ፊደልን በስፋት አዳረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን ሽልማት ያስገኘውም ይህ ነበር። ብዙ እናቶችና አባቶች ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ዳስ ተቀምጠው «ሀ» ብለዋል። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን የሚመለከተው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ታወጀ። ይህ ዕድሜ ልጁ አሥር ዓመት ሠርቶ የሚከፈልበት፣ አባትም አርሶ የሚያርፍበት ዕድሜ ነው። ወላጅ ያሳደገውን ጉልበት ጦርነቱ ወሰደው። በብዙ ቤት ውሉ የፈረሰው በመሬት እጦት ሳይሆን በልጁ አለመመለስ ነበር።

መሬቱ ሲያልቅ

በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ፣ በ1967 ሕፃናት የነበሩት ለአቅመ ጎጆ ደርሰው ነበር። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ተደርጎ የአንዳንዶች ይዞታ ተቀንሶ ለሌሎች ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ግን ማከፋፈሉ ቆመ፤ ይዞታን መመዝገብና የባልና የሚስት ስም የሰፈረበት ደብተር መስጠት ተተካ። ለባለይዞታው ይህ ዋስትና ነበር። በተመዘገበበት ቀን እረኛ ለነበረው ልጅ ግን በሩ መዘጋቱን የሚያበስር ነበር። የአገሪቱ ሕዝብ በ1987ቱ ቆጠራ 53 ሚሊዮን ገደማ፣ በ1999ኙ ቆጠራ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ መሬቱ ያው ነው።

የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 የይዞታ መብትን ለቤተሰብ አባል ማውረስን ፈቀደ። የቤተሰብ አባል ሲል ግን የተረጎመው በደም ሳይሆን ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት በመኖርና መተዳደሪያውን በመጋራት ነው። ይህ ትርጉም ለታሪክ ተማሪ በጣም የሚያስደንቅ ነው። ያልተጻፈው ውል በመጨረሻ ተጻፈ ማለት ይቻላል፤ ቀርቶ የሠራው ይውረስ የሚል ነው። ችግሩ የተጻፈው የሚከፈለው ባለቀበት ጊዜ መሆኑ ነው። ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት ለአምስት ልጆች ሲካፈል የሚደርሰው ማሳ ጥማድ በሬ አያዞርም።

ስለዚህ ወላጅ ሌላ የሚከፍለው ነገር ፈለገ፤ እርሱም ትምህርት ሆነ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርትን እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ አደረገ፤ በየቀበሌው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ብዙዎቹ በፈረቃ ስለሚያስተምሩ ታላቅ ከሰዓት በፊት፣ ታናሽ ከሰዓት በኋላ እየተማሩ ከብቱን ተቀባበሉት። ይህን የፈረቃ እረኝነት ያቀደው ሚኒስቴር የለም፤ ራሱ ገበሬው የፈጠረው ነው። ትምህርቱ ወደ ደመወዝ ሳያደርስ ሲቀር ግን ልጁ በሁለቱም ወገን ባዶ እጁን ይቀራል። የማታው ክፍያ የሌለበትን የቀን ሥራ ማን ይሠራል? ወንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና መተማ ወረደ፣ ወደ ከተማም ገባ። ሴቷ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ ዓረብ አገር ሄደች። እርሷ በምትልከው ገንዘብ የወላጅ ቤት ቆርቆሮ ሲለብስ ስናይ፣ የቀድሞው ውል ተገልብጦ እናገኘዋለን፤ ዛሬ ጎጆ የሚያወጣው ልጅ ነው፣ የሚወጣለትም ወላጅ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፣ ሕጎቹ ከገበሬው ደጃፍ ላይ መቆማቸው ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። በውስጥ ያለው ነገር ከፋብሪካ ቅጥር የተለየ፣ ልጁን ሰው ለማድረግ የታለመ ሥርዓት ነበር። ነገር ግን የሥርዓቱ ፍትሐዊነት በቤተሰብ ፍቅር ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም። መሬት ነበረበት። መሬቱ ከጎኑ ሲነሣ ፍቅሩ ሳይጎድል ሥራው ዕዳ ሆኖ ይቀራል። በቤተሰብ እርሻ ላይ የሚሠራ ልጅ እየተበዘበዘ ነው ወይስ እያደገ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሥራውን ሰዓት ብቻ ቢቆጥር መልሱን አያገኝም፤ ይህ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው ምን ይይዛል ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ለተመራማሪዎች የቤት ሥራ አለ። የመሬት ሥሪት ታሪካችንና የትምህርት ታሪካችን ለየብቻ ተጽፈዋል። የገበሬው ልጅ ግን ጧት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው ውስጥ ይኖር ነበር። የምሩቅነት ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች፣ የየትምህርት ቤቱ የቀሪ መዝገብ ከየወረዳው የይዞታ መዝገብ ጋር ተመሳክሮ ቢጠና ብዙ ይናገራል፤ የትኛው ልጅ በየትኛው ወር እንደቀረ፣ የትኛውም መሬቱን እንደወረሰ በእነዚያ ሁለት መዛግብት መካከል ተጽፎ ይገኛል።

በመጨረሻም፣ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ከገበሬ ቤት እንደመጣችሁ አውቃለሁ። የእናንተ ወንበር ነፃ አልነበረም። እናንተ ስትማሩ ከብቱን የያዘ ወንድም፣ እንስራውን ያነሣች እህት አለች። እነርሱ የውሉን ድርሻቸውን ፈጽመዋል። መሬቱ ከአንድ ሄክታር አንሶ፣ ደመወዙም ለእናንተ ብቻ ሲደርስ፣ የእነርሱ ክፍያ ከማን እንደሚመጣ የሚጠይቅ አዋጅ እስካሁን አልወጣም። ጥያቄውን በሕግም፣ በጥናትም፣ በቤታችሁም ውስጥ ብታነሡት ይህ ንግግር ዓላማውን መታ ማለት ነው።